ጠጅ በቤት ለመጀመር ወጪው ጋኑ ላይ ሳይሆን ማሩ ላይ ነው

ኮክቴል በቤቱ መቀመም ያማረው ሰው መጀመሪያ የሚጨነቀው ስለ መበጥበጫው ዕቃ ነው። መበጥበጫውን ግን ክዳኑ በደንብ የሚገጥም የማርማላታ ብርጭቆ ይተካዋል። ኪስ የሚጎዳው ጠርሙሱ ነው። ኔግሮኒ የሚባለውን የጣሊያኖች መጠጥ ብንወስድ ጂን፣ ካምፓሪና ጣፋጭ ቀይ ቬርሙት በእኩል መጠን ይፈልጋል። ጂኑ የአገር ውስጥ ይሁን ቢባል እንኳ ሁለቱ ከውጭ የሚመጡ ናቸው። አንዲት ብርጭቆ ለመቅመስ ሦስት ሙሉ ጠርሙስ መግዛት ማለት ነው።

ደብረ ብርሃን ወይም አንኮበር ለሚኖር ቤተሰብ ከዚህ የቀረበ ነገር አለ፤ ጠጅ። የደብረ ብርሃን ስም ቶሎ የሚያያዘው ከአረቄ ጋር እንደሆነ አይጠፋንም። አረቄ ማውጣት ግን የትርፍ ጊዜ ሥራ አይደለም። ከጭስና ከእሳት ጋር ሰዓታት መቆየትን፣ ብዙ ማገዶን፣ የለመደ እጅን ይጠይቃል። ለሚያወጡት ሴቶችም ልጅ ማሳደጊያ ነው። አረቄ የሚፈልግ ከእነሱ ቢገዛ ለሁሉም ይበጃል።

ጠጅ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን በአንኮበር ቤተ መንግሥት የነገሥታትና የመኳንንት መጠጥ ነበር፤ ተራው ሰው ጠላውን ይጠጣ ነበር። ዛሬ የሚከለክል የለም፤ የሚከለክለው የማር ዋጋ ነው።

ጀማሪ በ1 ኪሎ ማር ቢጀምር ይበቃዋል። ለዚያ 4 ሊትር ንጹሕ ውሃ፣ አንድ ሁለት እፍኝ ጌሾ፣ ከ5 ሊትር ከፍ ያለ ዕቃና የማጣሪያ ጨርቅ ያስፈልጋል። ሰፈፉ፣ አተላውና ጌሾው የሚጠጣው ተቀንሶ 4 ሊትር ገደማ ጠጅ ይገኛል። ስለዚህ ስሌቱ ቀላል ነው፤ የአንዱን ኪሎ ማር ዋጋ ለ4 ማካፈል። ለምሳሌ ያህል ማሩ 800 ብር ቢገዛ ሊትሩ 200 ብር ይመጣል ማለት ነው። ጌሾው በዚህ ላይ የሚጨምረው ጥቂት ነው።

ጋን መግዛት ለጊዜው ይቆይ። አዲስ ሸክላ ማሟሸት፣ በግራዋ ማጠብ፣ በወይራ ማጠን ይፈልጋል፤ ከተሰበረም ተሰበረ ነው። ለመጀመሪያው ጊዜ ምግብ የሚያዝበት ንጹሕ ባልዲ ከነክዳኑ ይበቃል። የዘይት፣ የነዳጅ ወይም የኬሚካል ጀሪካን ግን በምንም ቢታጠብ ለዚህ አይሆንም። ክዳኑም ድርቅ ተደርጎ አይዘጋ። ሲፈላ ጋዝ ያወጣል፤ መውጫ ካጣ ጠርሙስ እንኳ ያፈነዳል።

ማሩ በውሃ ተበጥብጦ ሁለት ሦስት ቀን ይቆያል። የሚንሳፈፈው ሰፈፍ ይገፈፋል፣ ጌሾው ይገባል፣ ከዚያ መጠበቅ ነው። እዚህ ላይ የአገራችን ብርድ ሒሳቡን ይለውጠዋል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ እርሾው ደግሞ ሙቀት ይወዳል። ከአንኮበር ቁልቁል በሚገኘው በአልዩ አምባ ቆላ ቶሎ የሚደርሰው ብጥብጥ ደብረ ብርሃን ላይ ሳምንታት ይፈጃል። ዕቃውን በጋቢ መጠቅለልና ማታ ምድጃው በሚሞቅበት ክፍል ማሳደር ይረዳል። ብዙ ጀማሪ የሚከስረው በሁለተኛው ሳምንት «አልፈላም» ብሎ ስኳር ሲጨምርበት ነው።

ስለ ስኳር ካነሳን፣ ግማሽ ማር ግማሽ ስኳር ማድረግ ወጪ እንደሚቀንስ እሙን ነው። ይጠጣል፤ ግን ለእንግዳ ሲቀርብ የማር ጠጅ ነው ባይባል ጥሩ ነው። ገበያ ላይ ማር የረጋ ስለሆነ ብቻ «ስኳር የገባበት ነው» የሚሉ ሰዎችም አሉ። ንጹሕ ማር በብርድ ይረጋል። መርጋቱ ማጭበርበርን አያሳይም፤ ቀጥ ብሎ መፍሰሱም ንጽሕናን አያረጋግጥም። አስተማማኙ መንገድ ከነሰፈፉ ከሚታወቅ ንብ አናቢ መግዛት ነው። ሰፈፉ ለጠጅ ጉዳት የለውም።

አንድ ነገር ቤተሰብ ሊያውቀው ይገባል። የቤት ጠጅ ጥንካሬው አይለካም፤ ጣፋጭ ስለሆነ ደካማ ይመስላል እንጂ ከቢራ በእጥፍ ሊበረታ ይችላል። ጠጥቶ መኪና መንዳት አይታሰብም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል መሸጥን ይከለክላል፤ ቤት ውስጥም ይኸው ዕድሜ ቢጠበቅ ደግ ነው። ለልጆች በዕለቱ የተበጠበጠ፣ ጌሾ ያልነካው ብርዝ አለ፤ አንድ ቀን ካደረ ግን እሱም መፍላት ይጀምራልና ለእነሱ አይሰጥ።

የመጀመሪያው ቢኮመጥጥ የከሰረው አንድ ኪሎ ማር ነው፤ ለሰላጣ ኮምጣጤ ይሆናል። ለጥምቀት ያሰበ የደብረ ብርሃን ሰው ግን ከታኅሣሥ መባቻ በኋላ ባይጀምር ይሻለዋል፤ ውርጩ የሚበረታው በዚያው ወር ነውና።