ሳይቃጠል በቅጠል

ክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ፤

ይህችን አጭር ማስታወሻ በአንባቢያን ዓምድ እንዲያወጡልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

እኔ በአንድ መሥሪያ ቤት በመዝገብ ቤት ሥራ ብዙ ዘመን ያሳለፍሁ ሰው ነኝ። ሥራ ስጀምር አንድ ደብዳቤ በካርቦን ሦስት ሆኖ ይጻፍ ነበር፤ አንዱ ለባለጉዳዩ ይሄዳል፤ ሁለተኛው ከፋይሉ ይገባል፤ ሦስተኛው በሌላ ክፍል ይቀመጣል። አንዱ ቢጠፋ ከሌላው ይገኛል። ኮምፒዩተር ሲመጣ ሥራችንን እንዳቀለለልን አልክድም፤ ዳሩ ግን ሦስት የነበረውን አንድ አድርገን ተዘናጋን።

ባለፈው ክረምት መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ኮረንቲው በርትቶ ሰርቨሩን አቃጠለው። «ግድ የለም፤ ባክአፕ አለን» ተባለ። በእርግጥም ነበረን፤ ነገር ግን አንደኛው ዲስክ ከዚያው ከሰርቨሩ ጋር ተሰክቶ ስለ ነበር አብሮ ነደደ። በካዝና የነበረው ሁለተኛው ሲከፈት ደግሞ የመጨረሻው ቅጂ ከ7 ወር በፊት የተወሰደ ሆኖ ተገኘ። ያን ዲስክ ቆልፌ ያስቀመጥሁት እኔ ነኝ፤ አንድ ቀን እንኳ ከፍቼ አላየሁትም። የጠፋውን ከወረቀት እየለቀምን ለመጻፍ 6 ሳምንት ፈጀብን። በዚያን ጊዜ አንድ ጡረታ የሚጠብቁ አባት መስኮቴ ላይ ቆመው፣ «ልጄ፣ የ31 ዓመት አገልግሎቴን ኮረንቲ በላው ማለት ነው?» ሲሉኝ የምመልሰው አጣሁ።

ይህ የድህነታችን ጉዳይ ነው የሚል ቢኖር፣ እኛ ደመራ በምናበራበት ዕለት፣ መስከረም 16 ቀን 2018 ዓ.ም. በደቡብ ኮሪያ የደረሰውን ይመልከት። በዴጆን ከተማ በሚገኘው የመንግሥት የመረጃ ማእከል፣ ባትሪዎችን ከሰርቨሮቹ ለማራቅ በማዛወር ላይ ሳሉ እሳት ተነሣና 709 የመንግሥት የኮምፒዩተር አገልግሎቶች ቆሙ። ሌላ ግልባጭ የነበራቸው ቀስ በቀስ ተመለሱ። ጂ ድራይቭ የተባለው የመንግሥት ሠራተኞች የሰነድ ማከማቻ ግን መጠኑ ትልቅ ነው ተብሎ በሌላ ስፍራ ግልባጭ ስላልተቀመጠለት፣ 858 ቴራባይት ሰነድ ነድዶ ቀረ። እሳት ሀብታምና ድኃ አይለይም፤ የሚለየው አስቀድሞ የተሰናዳውንና ያልተሰናዳውን ነው።

ስለዚህ በየመሥሪያ ቤቱ ያሉ ኃላፊዎች ይህን እንዲያስቡበት አሳስባለሁ። አንደኛ፣ አንድ ግልባጭ ከሕንፃው ውጭ፣ ከመስመርም ተነቅሎ ይቀመጥ፤ ቫይረስ ቢገባ መስመር ላይ ያለውን ሁሉ ሊያበላሽ ይችላልና። ሁለተኛ፣ ግልባጩ በየጊዜው በሌላ ኮምፒዩተር ላይ ተከፍቶ ይፈተን፤ ያልተፈተነ ግልባጭ እንደሌለ ይቆጠር። ሦስተኛ፣ አደጋ ቢደርስ የትኛው አገልግሎት እንደሚቀድም፣ ለስንት ሰዓት ቢቋረጥ እንደሚቻልና ማን ምን እንደሚሠራ በወረቀት ተጽፎ ይቀመጥ። ዕቅዱ በዚያው በተቃጠለው ኮምፒዩተር ውስጥ ከሆነ ምን ይጠቅማል? አራተኛ፣ እስኪጠገን ድረስ ባለጉዳይ በእጅ ጽሑፍ የሚስተናገድበት ቅጽ ይዘጋጅ።

ይህ ሁሉ ወጪ አለው። ነገር ግን የሰው ዕድሜ በእጃችን ተቆልፎ ያለን ሰዎች ነንና፣ ከአደጋ በኋላ ከምናዝን አስቀድመን ብንጠነቀቅ ይሻላል። እኔ ካዝናዬን በየወሩ መክፈት ጀምሬያለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፤
አንድ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ
ከአዲስ አበባ