ያውቁ ኖሯል? ከድንጋይ የሚፈልቀው ጋዝ

ያውቁ ኖሯል፣ በዘመናችን የዓለምን የነዳጅ ገበያ ያናወጠው የሼል ጋዝ መጀመሪያ የተገኘው ኤዲሰን አምፖሉን ከመሥራቱ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በፊት መሆኑን? በኒው ዮርክ ግዛት ፍሬዶኒያ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ ዊልያም ሃርት የተባለ ጠመንጃ ሠሪ 8 ሜትር ያህል ቆፍሮ ባወጣው ጋዝ መብራት በርቶበታል።

ሼል ግን እንደ ብራና መጽሐፍ ቅጠል የተደራረበ የጭቃ ድንጋይ ሆኖ፣ በከርሠ ምድር የያዘውን ጸጋ በቀላሉ የማይለቅ ንፉግ ስለሆነ፣ የግሪካዊ ፍየል እረኛ ልጅ የነበረው ባለጸጋ ጆርጅ ሚቸል በቴክሳስ፣ በፎርት ዎርዝ አጠገብ፣ ከ1981 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ገንዘቡን ሲያፈስ ኖሮ፣ መፍትሔው የተገኘለት በ1998 ነው፤ ያውም ውድ በሆነው ዝልግልግ ፈሳሽ ፈንታ ውሃን ከአሸዋና ከጥቂት ኬሚካል ጋር በኃይለኛ ግፊት ለቅቆ ድንጋዩን በመሰንጠቅ።

በዚህ ዘዴ ለአንድ ጉድጓድ በሚሊዮን የሚቆጠር ሊትር ውሃና እጅግ ብዙ አሸዋ ስለሚያስፈልግ፣ ለእርሻ መኪና የተሠራው የገጠር መንገድ በከባድ መኪናዎች ምልልስ ይፈራርሳል፤ የመሬት ኪራይ የሚቀበለው ገበሬ ሲከብር፣ አቧራው ግን ኪራይ ለማይደርሰው ጎረቤቱም ይደርሳል።

ከዚህም ሌላ፣ በኦክላሆማ፣ በፓውኒ አጠገብ፣ በመስከረም 2016 እ.ኤ.አ. መጠኑ 5.8 የደረሰ የመሬት መንቀጥቀጥ ሆነ። ሰው ሁሉ ድንጋይ መሰንጠቁን ቢወቅስም፣ ዋናው ምክንያት ከነዳጅ ጋር የሚወጣውን ጨዋማ ውሃ መልሶ ወደ ጥልቁ ማስገባት ነበርና፣ ባለሥልጣናቱ ይህ እንዲቀነስ ባዘዙ ጊዜ መንቀጥቀጡም ከዓመት ወደ ዓመት እየሳሳ ሄደ።