ቁጢ ጉበት ሲደርስ

በሐረር የቡናው ፍሬ ገበያ ሲወጣ ቅጠሉ ለቤት ይቀራል። የደረቀው ቅጠል ምጣድ ላይ ታምሶ፣ በውኃ ተፈልቶ፣ ወተትና ጨው ታክሎበት ሲጠጣ ቁጢ ይባላል። የአውሮፓ ኅብረት የቡና ቅጠል ፍል በገበያው እንዲሸጥ የፈቀደው በ2020 እ.ኤ.አ. ነው፤ በሐረር ግን ከጥንት የቆየ መጠጥ ነው።

ቅጠሉ ውስጥ ካፌይን ብቻ ሳይሆን ፍላቮኖይዶችም አሉ። እነዚህ ተክሉን ከፀሐይ ጨረር የሚከላከሉ ውህዶች ናቸው። አንዱ ሩቲን ነው፤ ይኸውም ሁለት የስኳር ሞለኪውሎች የተያያዙበት ኩዌርሴቲን ማለት ነው። ትንሹ አንጀት ይህን ስኳር መቁረጥ አይችልም፤ ሥራው ለትልቁ አንጀት ባክቴሪያዎች ይተርፋል። በወጥ ሽንኩርት የሚገባ ኩዌርሴቲን በአንድ ሰዓት ውስጥ በደም ውስጥ ጣሪያው ላይ ሲደርስ፣ ከሩቲን የሚገኘው ግን ስድስት ወይም ሰባት ሰዓት ይፈጃል። ጠዋት የተጠጣ ቁጢ ሩቲኑ ከቀትር በኋላ ነው የሚደርሰው ማለት ነው። ባክቴሪያዎቹ ከዚያ በፊት የሞለኪውሉን ቀለበት ሰባብረው ወደ ጥቃቅን አሲዶች የሚለውጡትም ቀላል አይደለም።

ከአንጀት የተነሣው ደም በቀጥታ ወደ ልብ አይሄድም፤ በቅድሚያ በጉበት በኩል ያልፋል። ጉበት ከሚደርሰው ደም ሦስት አራተኛ ያህሉ የሚመጣው በዚህ መንገድ ነው። ኩዌርሴቲን ለጉበት ባዕድ ነገር ነው፤ ስለዚህ ኢንዛይሞቹ ግሉኩሮኒክ አሲድ ወይም ሰልፌት ይለጥፉበታል፣ በውኃ በቀላሉ እንዲሟሟ። አንዳንዱ ላይ ሜቲል ይጨመርበትና አይሶራምኔቲን ይሆናል። ካምፕፌሮል የተባለውን የቅጠሉን ሌላ ፍላቮኖይድ ደግሞ ሲዋይፒ1ኤ2 የሚባል ኢንዛይም ኦክስጅን አክሎበት ወደ ኩዌርሴቲን ሊለውጠው ይችላል። የቁጢውን ካፌይን የሚያፈርሰውም በዋናነት ይኸው ኢንዛይም ነው።

የተለጠፈበት ሞለኪውል በሽንት ይወጣል፤ ወይም በሐሞት ተመልሶ አንጀት ይገባል። እዚያ ባክቴሪያዎች ልጥፉን ፈትተውት እንደገና ወደ ጉበት ሊመለስ ይችላል። በደም ውስጥ ንጹሕ ኩዌርሴቲን እምብዛም የማይገኘው ልጥፍ ስለሚጨመርበት ነው። በብልቃጥ ውስጥ ሴሎች ላይ የተፈተነ ንጹሕ ኩዌርሴቲን ያሳየውን ውጤት ለመጠጡ መስጠት እንግዲህ ችኮላ ነው።

የሐረር ሌላው ቅጠል ጫት ነው። ጫትም ፍላቮኖይዶች አሉት፤ የሚያነቃቃው ግን ካቲኖን ነው፤ እርሱም ከእነርሱ ወገን አይደለም። ጉበት አብዛኛውን ካቲኖን ወደ ኖርኤፌድሪን ስለሚለውጠው፣ ሳይለወጥ በሽንት የሚወጣው ጥቂቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 እና 2016 በሐረር በሕይወት ፋና እና በጁገል ሆስፒታሎች በተደረገ ጥናት፣ ሥር የሰደደ የጉበት በሽታ ያለባቸው 150 ሰዎች በሽታው ከሌለባቸው 300 ሰዎች ጋር ተነጻጽረዋል። የበሽታው ዕድል በጫት ቃሚዎች ላይ ከፍ ብሎ ተገኝቷል፤ ብዙ በቃሙትና ረጅም ዘመን በቆዩት ላይ ደግሞ ይበልጥ።