«ሁለት ኪኒን ያዘዙልኝ ብሶብኝ ነው?»

አንዲት ጎረቤታችን፣ ስድሳዎቹን ያጋመሱ እናት፣ ከጤና ጣቢያ ሲመለሱ በር ላይ ተገናኘን። ፊታቸው ጠቁሯል። «ምነው እማማ፣ ደኅና አይደሉም እንዴ?» ስላቸው በእጃቸው ጠቅልለው የያዙትን ፌስታል ፈተው ሁለት ዓይነት ኪኒን አሳዩኝ። «እስከ ዛሬ አንድ ነበር የምውጠው። ዛሬ ሁለት አደረጉብኝ። በቃ ብሶብኛል ማለት ነው» አሉ።

የክትትል ካርዳቸውን አየሁት። የዕለቱ ልኬት 168/102 ይላል፤ ያለፈው ቀጠሮም ከዚህ ብዙ አይርቅም። አምሎዲፒን 5 ሚሊግራም ለወራት ወስደዋል። አሁን የተጨመረላቸው ኢናላፕሪል ነው። ሐኪሙ የሠራው ትክክል ነው። ያጓደለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ለምን እንደጨመረ አልነገራቸውም። እሳቸውም አልጠየቁም፤ ከውጭ ወረፋ የሚጠብቀው ሰው ብዙ ነው።

መልሱን እኔ ልሞክረው። ሁለተኛው ኪኒን ለአብዛኛው ሰው በሽታው የመባሱ ምልክት አይደለም፤ የግፊት ሕክምና ዛሬ የሚሰጠው እንዲህ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ መድኃኒት ለሚያስፈልገው አዋቂ ሕክምናው ገና ሲጀመር ሁለት ዓይነት መድኃኒት በአንድነት እንዲሰጥ፣ የሚቻል ከሆነም ሁለቱ በአንድ ኪኒን ተዋህደው እንዲሆን ሐሳብ አቅርቧል። ማለትም በዚህ መመሪያ ከሄድን ጎረቤቴ ሁለቱን ከመጀመሪያው ቀን ሊጀምሩ ይችሉ ነበር።

ለምን አንዱ አይበቃም? ግቢ ውስጥ ያለ ሮቶ ያስቡ። በቧንቧው ውስጥ ያለው ግፊት በሦስት ነገር ይወሰናል፤ በውሃው መጠን፣ በሚገፋው ፓምፕ ጉልበትና በቧንቧው ስፋት። በሰውነታችን ውሃው ደም፣ ፓምፑ ልብ፣ ቧንቧው የደም ሥር ነው። ልዩነቱ የሰውነት ቧንቧ ጠባቂ ያለው መሆኑ ነው። ጠባቂው ኩላሊት ነው። ግፊቱ ዝቅ ሲል ኩላሊት ሰውነቱ ደም የፈሰሰው ወይም ውሃ ያጠረው ይመስለዋል፤ የደም ሥርን የሚያጠብና ጨው የሚያስቀር ሆርሞን የሚያስነሣ ኬሚካል ይለቃል። ስለዚህ በአንድ መድኃኒት አንዱን በር ሲዘጉበት ግፊቱ በሌላ በር ተመልሶ ይገባል። የሚያሸና ኪኒን ብቻውን የወሰደ ሰው የሚገጥመው ይኸው ነው፤ ውሃና ጨው ይወጣል፣ ኩላሊት ይደነግጣል፣ የደም ሥር ይጠባል፣ ከወረደው ግፊት የተወሰነው ተመልሶ ይወጣል።

ታዲያ የአንዱን መጠን እጥፍ ማድረግስ? ብዙ ሰው፣ አንዳንድ ሐኪምም ጭምር፣ መጀመሪያ የሚያስበው ይህንን ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ አንድ ጥናት 11,000 ያህል ሰዎች የተሳተፉባቸውን 42 ሙከራዎች አንድ ላይ ሰብስቦ አነጻጽሮ ነበር። ሌላ ዓይነት መድኃኒት መጨመር የአንዱን መጠን እጥፍ ከማድረግ አምስት ጊዜ ያህል የበለጠ ግፊት ይቀንሳል። የጎንዮሽ ጉዳቱ ግን በአብዛኛው መጠኑን ተከትሎ ነው የሚያድገው። ሁለት ትንንሽ መጠን ከአንድ ትልቅ መጠን ይሻላል የሚባለው ስለዚህ ነው።

ለጥምረት በብዛት የሚመረጡት መድኃኒቶች ሦስት ቤተሰብ ናቸው። አምሎዲፒንና ኒፌዲፒን የደም ሥርን ጡንቻ ያላላሉ። ስማቸው በ«ፕሪል» የሚያልቁት (ኢናላፕሪል፣ ሊሲኖፕሪል) እና በ«ሳርታን» የሚያልቁት (ሎሳርታን፣ ቫልሳርታን፣ ቴልሚሳርታን) ከላይ ያነሣሁትን የኩላሊት መልእክት ያቋርጣሉ። ሦስተኛው ቤተሰብ የሚያሸኑት ናቸው፤ እኛ ዘንድ በብዛት የሚታወቀው ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ነው፣ በማዘዣ ወረቀት ላይ ባጭሩ ኤች.ሲ.ቲ. ተብሎ የሚጻፈው።

እዚህ ላይ እኔን በጣም የሚያስደንቀኝ ነገር አለ፤ አንዱ የሌላውን ጥፋት ይሸፍናል። አምሎዲፒን የሚወስድ ሰው «ጫማዬ አልገባ አለኝ፣ ቁርጭምጭሚቴ አበጠ» ሲል ሰምተው ይሆናል። መድኃኒቱ ደም የሚያመጡትን ሥሮች ይከፍታል፤ ደም የሚመልሱትን ግን እምብዛም አይከፍትም። የገባው ያህል ስለማይወጣ ፈሳሹ እግር ላይ ይቀራል። ፕሪል ወይም ሳርታን ሲጨመር የመመለሻዎቹም ስለሚከፈቱ እብጠቱ ይቀንሳል። በዚህ ምክንያት ለመጣ እብጠት የሚያሸና ኪኒን መስጠት ብዙም አይፈይድም፤ ሽንት ይበዛል፣ እግሩ እንዳበጠ ይቆያል። ኤች.ሲ.ቲ. ደግሞ ፖታሲየም የተባለውን ማዕድን ከሰውነት ያስወጣል፤ ፕሪልና ሳርታን ያስቀሩታል። ሁለቱ ሲገናኙ ይመጣጠናሉ።

የማይጣመሩም አሉ። ፕሪልና ሳርታን አንድ ላይ አይወሰዱም፤ ሁለቱም የሚዘጉት አንዱን በር ስለሆነ ግፊቱን ብዙም ሳይጠቅሙ ኩላሊትን ይጎዳሉ። እርጉዝ የሆነች ወይም ለማርገዝ ያሰበች ሴት ከሁለቱ አንዱንም መውሰድ የለባትም፤ ፅንሱን ይጎዳሉ። ለእርሷ የሚሆኑ ሌሎች መድኃኒቶች ስላሉ ለሐኪሟ ቀድማ መንገር አለባት። ፕሪል የሚወስድ ሰው ደረቅ ሳል ከያዘውና ከሳምንት ሳምንት ከቀጠለ ጉንፋን ነው ብሎ ሽሮፕ ከመግዛቱ በፊት ኪኒኑን ይጠርጥር፤ ወደ ሳርታን ሲቀየርለት ሳሉ ይተወዋል። ከንፈር፣ ምላስ ወይም ፊት ካበጠ ግን ቀጠሮ አይጠበቅም፤ መድኃኒቱን አቁሞ ወዲያው ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው።

ለእኛ አህጉር ሰው የትኛው ጥምረት ይሻላል የሚለው ለረጅም ጊዜ በሌላ አገር ሰው ሲመለስ የኖረ ጥያቄ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ክሪኦል የተባለው ጥናት ውጤት ታተመ። ከሰሃራ በታች ባሉ ስድስት አገሮች፣ ጎረቤታችን ኬንያ አንዷ ናት፣ 728 ጥቁር ታካሚዎች ተሳትፈውበታል። ኢትዮጵያ አልነበረችበትም። ሦስት ዓይነት ጥምረት ለስድስት ወር ተፈተነ፤ አምሎዲፒን ከኤች.ሲ.ቲ.፣ አምሎዲፒን ከፔሪንዶፕሪል፣ ፔሪንዶፕሪል ከኤች.ሲ.ቲ.። አምሎዲፒን ያለባቸው ሁለቱ እኩል በለጡ፤ ሦስተኛው ወደ ኋላ ቀረ። በጥቁር ታካሚዎች ላይ ፕሪል ብቻውን ሲሰጥ ኃይሉ አነስ እንደሚል ቀድሞም ይታወቃል፤ ከአምሎዲፒን ጋር ሲሆን ግን ያ ጉድለት አይታይም። የጎረቤቴ ማዘዣ እንግዲህ ከአሸናፊዎቹ ጋር የሚመደብ ነው ማለት ነው።

ሁለቱ በአንድ ኪኒን ተዋህደው የተሠሩትን የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቷቸዋል። ጥቅማቸው ግልጽ ነው። በቀን አንድ ኪኒን የሚውጥ ሰው ሦስት ከሚውጠው ያነሰ ይረሳል። ነገር ግን በየመድኃኒት ቤቱ ላይገኙ ይችላሉ፣ ዋጋቸውም ሊወደድ ይችላል። ካልተገኙ አይጨነቁ። ሁለቱን ለየብቻ፣ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ጉንጭ ውሃ መዋጥ ሥራው ያው ነው። መርሳት እንጂ ሁለት መሆኑ አይጎዳም።

የተዋሃደው ኪኒን የራሱ ወጥመድም አለው። የጎረቤቴን ታሪክ ያልጨረስኩት ለዚህ ነው። ከወር በኋላ እግራቸው እንደ እንጎቻ አብጦ አገኘኋቸው። ጠረጴዛቸው ላይ ሦስተኛ ካርቶን ተቀምጧል። አሜሪካ ያለው ልጃቸው እሱም ግፊት አለበትና «የኔ ጥሩ ነው» ብሎ በሰው ልኮላቸው ነው። ካርቶኑ ላይ በላቲን ፊደል ረጅም ስም፣ ከሥሩ 10/160 የሚል ቁጥር አለ። እሳቸው ቁጥሩን የግፊት ልክ መስሏቸዋል። ትርጉሙ ግን ሌላ ነው፤ አንድ ኪኒን ውስጥ 10 ሚሊግራም አምሎዲፒንና 160 ሚሊግራም ቫልሳርታን አለ ማለት ነው። እሳቸው የጤና ጣቢያውን አምሎዲፒንና ኢናላፕሪል ሳያቆሙ ነው ይህንን የደረቡት። በቀን 15 ሚሊግራም አምሎዲፒን፣ በዚያ ላይ ፕሪልና ሳርታን በአንድ ሆድ። ከፍተኛው የቀን መጠን 10 ነው። «ከልጄ የመጣ ይበልጣል ብዬ ነው» አሉኝ። ምን ይባላል? በዚያው ቀን ሦስቱንም ካርቶን ይዘን ጤና ጣቢያ ሄድን፤ የልጅየው ቀረ፣ የጤና ጣቢያው ሁለቱ ቀጠሉ፣ ለኩላሊትና ለፖታሲየም ምርመራ ደም ሰጡ። ደግነቱ ኩላሊታቸው አልተነካም።

ውጭ ያላችሁ ልጆች፣ ለእናት ለአባት የግፊት መድኃኒት ከመላካችሁ በፊት እዚህ የሚወስዱትን ስም በፎቶ አስልኩ። ገንዘቡን ብትልኩ አብዛኛውን ጊዜ ይሻላል፤ መድኃኒቱ አልቆ ሌላ እስኪላክ የሚያልፈው ወር አደገኛ ነው።

መድኃኒቱ ሲጀመር ግፊቱ በማግሥቱ አይወርድም። ለውጡ በሳምንት በሁለት ሳምንት መታየት ይጀምራል፤ ሙሉ ጉልበቱን ለማየት ሳምንታት መጠበቅ ግድ ነው። እስኪስተካከል በየወሩ መታየት፣ ከተስተካከለ በኋላ በየሦስትና በየስድስት ወሩ። ከመቀመጫ ሲነሡ የሚያዞር ከሆነ ቀስ ብለው ይነሡ፤ ከቀጠለ ይንገሩ። በጣም ላረጁና አቅም ላነሳቸው፣ ሲቆሙ ግፊታቸው ለሚወርድባቸው ሰዎች ሐኪም በአንድ መድኃኒት ቢጀምር ትክክል ነው። በሌላ በኩል ሁለቱ ካልበቁ ሦስተኛው ቤተሰብ ይጨመራል፤ ያም ቢሆን የዓለም ፍጻሜ አይደለም።

ሦስተኛ ከመጨመሩ በፊት ግን ልኬቱ ራሱ ይጠርጠር። ታክሲ ተሻምቶ፣ ደረጃ ወጥቶ፣ ቡናውን ጠጥቶ፣ ሽንቱን ይዞ የተለካ ሰው ቁጥሩ ከፍ ይላል። አምስት ደቂቃ ጀርባን ደግፎ፣ እግርን ሳያቆላልፉ መቀመጥ፣ ክንድን በልብ ትይዩ ማሳረፍ፣ ዝም ማለት። ለወገብና ለጉልበት ሕመም የሚወሰዱት ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ግፊት ከፍ ያደርጋሉ፣ የመድኃኒቱንም ሥራ ያበላሻሉ፤ ለሐኪሙ ሳይነግሩ አይውሰዱ። ጨው ደግሞ በቀን ከ5 ግራም እንዳይበልጥ ይመከራል፤ አንድ የሻይ ማንኪያ የማትሞላ ናት። በርበሬውና ሽሮው ሲዘጋጅ የገባው ጨው ከዚህች ላይ እንደሚቆጠር ብዙዎቻችን እንረሳለን። ነጭ ሽንኩርትም ሺፈራውም ለወጥ ይሁኑ፤ የኪኒኑን ቦታ አይተኩም።

ጾምን በተመለከተ መልካም ዜና አለ። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመና ብሪታንያ ውስጥ ከ21,000 በላይ ሰዎችን የተከታተለ ጥናት ኪኒኑን ጠዋት በመውሰድና ማታ በመውሰድ መካከል በልብ ድካም፣ በስትሮክም ሆነ በሞት ልዩነት አላገኘም። ስለዚህ ከሰዓት በኋላ የሚያስቀድስ ጾመኛ ማታ ሲበላ፣ ረመዳን የያዘም በኢፍጣር ሰዓት መውሰድ ይችላል። የሚያሸናው ኪኒን ያለበት ሰው ግን ሌሊቱን እንዳያነቃው፣ በሙቀት አገርም ውሃ እንዳያጥረው ጾሙ ከመግባቱ በፊት ሐኪሙን ያማክር።

ከሁሉ በላይ የሚያሳዝነኝ «120/80 ሆነልኝ፣ ተውኩት» የሚል ሰው ነው። 120/80 ያደረገው ኪኒኑ ነው። ሲተው ግፊቱ በቀናትና በሳምንታት ውስጥ ተመልሶ ይወጣል፤ ራስ ምታት እንኳ ሳያሰማ። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ምልክት የሚያየው አንድ ጎኑ አልታዘዝ ሲለው ነው።

ዛሬ ማታ የቤትዎን የመድኃኒት መሳቢያ ይክፈቱ። የእናትዎን፣ የአባትዎን ካርቶኖች አውጥተው ከሥር በትንሹ የተጻፈውን ስም ያንብቡ። አንድ ስም ሁለት ቦታ ካገኙ፣ ወይም «ፕሪል»ና «ሳርታን» አንድ ላይ ካዩ፣ ሁሉንም ካርቶን በአንድ ፌስታል ይዘው ነገ ጠዋት ፋርማሲስቱ ወይም ሐኪሙ ዘንድ ይሂዱ።