የአሮጌ መኪኖች ካርቡሬተር፦ ከባጃጅ ጋራዥ እስከ ቶርኖ ቤት

የሐዋሳን ሕዝብ የሚያመላልሰው ባጃጅ ነው። ብዙዎቹ ባጃጆች ዛሬም ቤንዚንና አየር የሚቀላቅሉት በካርቡሬተር ስለሆነ፣ ይህን ዕቃ ፈቶ ማጽዳት ለከተማዋ መካኒኮች የዕለት ሥራ ነው። ሌላው ዓለም ኢንጀክሽን ከለመደ ወዲህ እየተረሳ ያለው ሙያ እዚህ ገና አልጠፋም። አሮጌ ቮልስ፣ ፊያት ወይም ላዳ ያለው ሰው የሚፈልገውም ይህንኑ እጅ ነው።

መኪና ወደ ኢትዮጵያ የገባው በ1900 ዓ.ም. ገደማ፣ እንግሊዛዊው ቤድ ቤንትሊ ለዳግማዊ ምኒልክ ባመጣው ተሽከርካሪ ነው። ጀርመናዊው ዊልሄልም ማይባኽ ቤንዚን በቀጭን ቀዳዳ የሚረጨውን ካርቡሬተር የሠራው ከዚያ 15 ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ ነበር። በኋላ የመጡት መኪኖች የየአገራቸውን ካርቡሬተር ይዘው ገቡ፤ ቮልስ ሶሌክስ፣ ፊያት በብዛት ዌበር። ሰማያዊና ነጭ የተቀባችው የአዲስ አበባ ታክሲ ላዳም የፊያት 124 ዝርያ በመሆኗ ካርቡሬተሯ ከዌበር የተቀዳ ነው።

የማስተካከሉ ሥራ የሚጀምረው ከከፍታ ነው። ቤንዚን በደንብ እንዲቃጠል ለ1 ኪሎ ቤንዚን 14.7 ኪሎ ያህል አየር ያስፈልጋል። ካርቡሬተር ግን ከፍታ ሲጨምር አየሩ መሳሳቱን አያውቅም። ከባሕር ወለል 1,700 ሜትር ገደማ ከፍ በምትለው ሐዋሳ፣ ለቆላ የተሠራ ካርቡሬተር በድብልቁ ውስጥ ቤንዚኑን 9 በመቶ ያህል ያበዛል፤ አዲስ አበባ ላይ ደግሞ 12 በመቶ ያህል። ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል፣ ጭሱ ይጠቁራል፣ ቤንዚን ይባክናል። መፍትሔው ቤንዚን የሚለካውን ጂክለር በአነስተኛ ቁጥር መቀየር ነው። በሶሌክስ ላይ 125 የሚለው ቁጥር የ1.25 ሚሊሜትር ቀዳዳን ያመለክታል፤ ስለዚህ አምስት ቁጥር ዝቅ ማለት እንኳ ለውጥ ያመጣል። የተዘጋ ጂክለር በአየር ይነፋል እንጂ በሽቦ አይጎረጎርም፤ ሽቦ ቀዳዳውን አስፍቶ ልኩን ያበላሻል።

እድሳቱ ሦስት ነገሮችን ይመለከታል። የመጀመሪያው ተንሳፋፊውና መርፌው ነው፤ መርፌው ካለቀ ቤንዚን ሞልቶ ይፈሳል፣ ትኩስ ሞተር ላይም እሳት ያስነሳል። ሁለተኛው ጓርኒሲዮንና ጎማ ነው። በ2001 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ቤንዚን ከ5 በመቶ ኢታኖል ጋር መቀላቀል ከተጀመረ ወዲህ፣ ለንጹሕ ቤንዚን የተሠሩ የድሮ ጎማዎች የሚጎዱበት ሌላ ምክንያት ተጨምሯል፤ ስለዚህ ሲቀየሩ ኢታኖል በሚችል ዓይነት ይሁን። ሦስተኛውና ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው የአየር መዝጊያዋ ቢራቢሮ የምትዞርበት ዘንግ ነው። በዓመታት ብዛት ማረፊያው ሲላላ አየር በጎን ይገባል፤ ሞተሩ ሚኒሞ (የዝግታ ዙር) አልይዝ ይላል፣ የማስተካከያው ብሎን ቢጠብቅ ቢላላም ለውጥ የለም። ይህ በጽዳት የሚፈታ አይደለም። ቶርኖ ቤት ተወስዶ ማረፊያው በልኩ ይሰፋል፣ የነሐስ ቡሽ ይገባበታል፣ ዘንጉ ይሞከራል። የተጣመመ የካርቡሬተር መቀመጫ ደግሞ ብርጭቆ ወረቀት በመስታወት ላይ አንጥፎ በማሸት ይስተካከላል።

መለዋወጫ ሲጠፋ የሌላ መኪና ካርቡሬተር መግጠም ቀላሉ መንገድ ይመስላል። ነገር ግን የአየር ጉሮሮው ስፋት ከሞተሩ ሲሲ ጋር ካልተመጣጠነ መኪናው ወይ ጉልበት ያጣል ወይ ቤንዚን ይፈጃል። የሚገጥመውን ዕቃ መለካት ከመፍታት ይቀድማል።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ መከልከሉን አስታውቋል። ባጃጁም ቀስ በቀስ ወደ ኤሌክትሪክ ሲዞር ሙያው የዕለት ገበያውን ያጣል። የአሮጌ መኪና ባለቤቶች ሆይ፣ ዋናውን ካርቡሬተር ለቆራሌው አትስጡ፤ ቢሰነጠቅ እንኳ ጂክለሩና ዘንጉ ለሌላው ይሆናሉ። ጋራዦችም ለወጣቶቹ ከማጽዳት አልፈው መለካትን ያስተምሯቸው።