የካሮላይና ተራራና ባሕር፦ እንግዳው ሲያርፍ ነዋሪው የሚያየው

ከሚሲሲፒ ወንዝ በስተምሥራቅ ባለው የአሜሪካ ምድር ከሁሉ የሚበልጠው ተራራ ሚቸል ይባላል። የሚገኘው በሰሜን ካሮላይና ግዛት ሲሆን ከፍታው 2,037 ሜትር ነው። ጎንደርን የሚያውቅ ሰው ይህን ሲሰማ ፈገግ ማለቱ አይቀርም፤ የጎንደር ከተማ ራሷ ከዚህ ከፍ ብላ ነው የተቀመጠችው፤ ራስ ዳሽንማ ከእጥፍ በላይ ነው። ቢሆንም አሜሪካኖቹ በተራራቸው ይኮራሉ፤ ቢኮሩም አይፈረድባቸውም። ብሉ ሪጅ፣ ማለትም ሰማያዊው ሰንሰለት፣ ስሙን ያገኘው ከመልኩ ነው። ዛፎቹ ከቅጠላቸው የሚያወጡት ጋዝ ከአየሩ ጋር ሲገናኝ ተራራው ከሩቅ ሲያዩት ሰማያዊ ጭጋግ የለበሰ ይመስላል። በኦክቶበር ወር ደግሞ ጫካው በሙሉ ወደ ቢጫና ቀይ ይለወጣል።

በተራሮቹ ጫፍ ላይ 755 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መንገድ አለ፤ ብሉ ሪጅ ፓርክዌይ ይባላል። ሥራው በ1935 ተጀምሮ ያለቀው በ1987 ነው። የጭነት መኪና አይገባበትም፤ በሰዓት ከ72 ኪሎ ሜትር በላይ መንዳትም ክልክል ነው። እንዲያው ለማየት ተብሎ የተሠራ መንገድ ነው ማለት ይቻላል።

ሰው ወደዚህ አካባቢ የሚጎርፈው ተራራና ባሕር ባንድ ላይ ስለሚያገኝ ነው። ጠዋት ከተራራማዋ ከአሽቪል ከተማ የተነሣ ሰው ምሳውን ደቡብ ካሮላይና ውስጥ ቻርለስተን፣ ባሕር ዳር ሊበላ ይችላል። ብዙዎች ለአንድ ሳምንት ይመጡና አገሩን ይወዱታል፤ ጡረታ ሲወጡ የሰሜኑን ብርድ ትተው፣ ቤታቸውን ሸጠው፣ ጠቅልለው ይገባሉ። ታዲያ ለአንድ ሳምንት ማረፍና ነዋሪ መሆን አንድ አይደሉም። እንግዳ ዝናብ ከጣለ ሻንጣውን ይዞ ይሄዳል፤ ነዋሪ የት ይሄዳል?

አሽቪል በዚህ ነገር ክፉኛ ተፈትናለች። ከባሕር የራቀች፣ አየሯ የቀዘቀዘ በመሆኗ የአየር ንብረት ለውጥን ለሚሸሹ ሰዎች መጠጊያ ናት እየተባለ ይወራላት ነበር። በ2024 ሴፕቴምበር 26 ማታ ሄሊን የተባለው አውሎ ነፋስ ከሩቁ ፍሎሪዳ ወደ የብስ ገባ፤ በማግስቱ ዝናቡ ተራራው ላይ ወረደ። መሬቱ ቀድሞ በዘነበው ዝናብ ጠግቦ ነበርና ውኃ መያዝ አልቻለም። ገደሉ ተናደ። በአሽቪል የሚያልፈው ፍሬንች ብሮድ ወንዝ የ1916ቱን ታላቅ ጎርፍ ሳይቀር አልፎ ሞላ። በሰሜን ካሮላይና ብቻ ከ100 በላይ ሰዎች ሞቱ። የአሽቪል ሕዝብ ከቧንቧው የሚጠጣ ውኃ ያገኘው ከ53 ቀን በኋላ ነው። በደጋ የኖረ ሰው ናዳ ምን እንደሆነ ያውቃል፤ ሌሊት ድምፁ ከተሰማ ወዴት እንደሚሮጥ እንኳ አይታወቅም።

ከጎርፉ በኋላ የመጣው ደግሞ ሌላ ነው። በአሜሪካ ተራው የቤት ኢንሹራንስ ጎርፍን አይሸፍንም። የጎርፍ ኢንሹራንስ ለብቻው ይገዛል፤ ከ1968 ጀምሮ መንግሥት ያቋቋመው ፕሮግራም አለ፤ እሱም ለአንድ መኖሪያ ቤት ሕንፃ ከ250,000 ዶላር በላይ አይከፍልም። የተራራው ሰው አብዛኛው ይህን አልገዛም፤ ጎርፍ የባሕር ዳር ሰው ጣጣ ነው ብሎ ተቀምጦ ነበር። ቤቱ በውኃ ተወስዶበት የባንክ ዕዳው ግን አብሮ አልሄደም። በዚያ ላይ ወሩ ኦክቶበር ነበር፤ ቅጠል ለማየት እንግዳ የሚመጣበት፣ ሆቴሉም ምግብ ቤቱም የዓመቱን ገንዘብ የሚሰበስብበት ወር። በዚያ ዓመት እንግዳ አልመጣም፤ አልጋ የምታነጥፈውም፣ ሳህን የሚያጥበውም ሥራ ፈትተው ቀሩ።

የባሕር ዳሩስ ሰው? በሰሜን ካሮላይና ምሥራቃዊ ጠረፍ 320 ኪሎ ሜትር ያህል የተዘረጉ ቀጫጭን የአሸዋ ደሴቶች አሉ፤ አውተር ባንክስ ይባላሉ። የራይት ወንድማማቾች በ1903 ዲሴምበር 17 ለ12 ሰከንድ የበረሩት እዚያ ነው። ሰው ሁሉ ይህን ታሪክ ሊያይ ይሄዳል፤ ከዚያ ይበልጥ የሚያስገርመው ግን የኬፕ ሃተራስ የመርከብ መብራት ማማ ነው። ማማው በ1870 ከጡብ ሲሠራ ከባሕሩ 460 ሜትር ያህል ይርቅ ነበር። በ1970 የቀረው 37 ሜትር ብቻ ነበር። በመጨረሻም በ1999 ይህን 60 ሜትር የሚረዝም፣ 4,800 ቶን የሚመዝን ማማ ሳያፈርሱ ከመሠረቱ አንሥተው፣ በብረት ሐዲድ ላይ በ23 ቀን ውስጥ 880 ሜትር ያህል ወደ ኋላ ወሰዱት።

ለሰው ቤት ግን እንዲህ ያለ ዕድል የለም። ሮዳንቲና ባክስተን በተባሉት መንደሮች ከ2020 ወዲህ ከሃያ በላይ ቤቶች ባሕር ውስጥ ወድቀዋል። በሜይ 2022 በአንድ ቀን ሁለት ወድቀው ዓለም በሙሉ በቪዲዮ አይቶታል። ደሴቶቹ አሸዋ በመሆናቸው በተፈጥሯቸው ይንቀሳቀሳሉ፤ ባሕሩ ከፍ ባለ ቁጥር ወደ የብሱ እያፈገፈጉ ይሄዳሉ፤ በላያቸው የተተከለ ቤት ግን አብሯቸው አይሄድም። በ2023 የብሔራዊ ፓርኮች መሥሪያ ቤት ሁለት ቤቶችን ከ700,000 ዶላር በላይ ከፍሎ ገዝቶ ሳይወድቁ አፍርሷቸዋል። ሌላው ባለቤት ግን ኢንሹራንሱ የሚከፍለው ቤቱ ከወደቀ በኋላ ስለሆነ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ቤቱ ሲወድቅ እንጨቱና ሚስማሩ ለብዙ ኪሎ ሜትር ይበተናል፤ ያንን የሚለቅመው የመንደሩ ሰው ነው።

ወደ ደቡብ ካሮላይና ሲወረድ ደግሞ መሬት የሚወስደው ሰው ነው።

ከቻርለስተን ድልድይ ተሻግሮ ማውንት ፕሌዘንት በተባለ ከተማ፣ በ17 ቁጥር መንገድ ዳር፣ ሴቶች ጣውላ መደብ ላይ ተቀምጠው የሣር ሥራ ይሸጣሉ። ከጎንደር ወጣ ብሎ ወለቃ ላይ መንገድ ዳር እናቶች ሸክላ ሲሸጡ ያየ ሰው ነገሩ አዲስ አይሆንበትም። ሣሩን ጠቅልለው፣ በዘንባባ ቅጠል እየጠመጠሙ፣ ከማንኪያ እጀታ በተሞረደ ወስፌ እየወጉ ነው የሚሠሩት። ሥራውንም ‘መስፋት’ ነው የሚሉት፤ ልክ እንደኛ ስፌት። ከድሮ ሥራዎቻቸው አንዱ ሩዝ የሚያበጥሩበት ሰፊ ጠፍጣፋ ዕቃ ነው፤ ለኢትዮጵያ እናት ሰፌድ ነው ብሎ ማሳየት ይበቃል።

እነዚህ ሰዎች ጉላ ይባላሉ። አያቶቻቸው ከምዕራብ አፍሪካና ከሌሎችም የአፍሪካ አገሮች በባርነት የመጡ ናቸው፤ የደቡብ ካሮላይና የሩዝ ሀብት የተገነባው በእነሱ ጉልበትና በእነሱ የግብርና እውቀት ነው። በኖቬምበር 1861 የሰሜኑ ጦር ሂልተን ሄድ ደሴትን ሲይዝ የመሬቱ ጌቶች ሸሹ። በ1862 ነፃ የወጡት ሰዎች እዚያው ሚቸልቪል የምትባል ራሷን የምታስተዳድር ከተማ መሠረቱ፤ ልጅን ትምህርት ቤት መላክ ግዴታ ነው ብለውም ደነገጉ። ኋላም ገንዘብ እያጠራቀሙ መሬት ገዙ፤ እያረሱና ዓሣ እያጠመዱ፣ እንግሊዝኛን ከአፍሪካ ቋንቋዎች ጋር የቀላቀለ ቋንቋቸውን ይዘው ኖሩ።

በ1956 ድልድይ ተሠራ። ከዚያ ወዲያ ጎልፍ ሜዳው፣ ሆቴሉና አጥር ያለው ሰፈር ተከታትለው መጡ። ዛሬ ደሴቲቱን በዓመት ከሁለት ሚሊዮን በላይ ሰው ይጎበኛታል። የመሬቱ ዋጋ ሲወጣ ግብሩም አብሮ ወጣ። ጉላዎች የቆየውን ሰው ‘ቢንያ’፣ አዲስ መጡን ‘ካምያ’ ይላሉ፤ አንዱ እዚህ የነበረ፣ አንዱ እዚህ የመጣ ማለት ነው።

መሬቱን ያሳጣቸው ግን ግብሩ ብቻ አይደለም። አያት ያለ ኑዛዜ ይሞታል። መሬቱ ሳይከፋፈል ለልጆቹ፣ ከዚያም ለልጅ ልጆቹ በጋራ ይተላለፋል። ሰማንያ ወይም መቶ ዓመት ሲያልፍ ወራሾቹ ብዙ ይሆናሉ፤ ገሚሱ ኒው ዮርክ ተወልዶ ደሴቲቱን አይቷት አያውቅም። አንድ ባለሀብት ከእነዚህ የአንዱን ድርሻ በትንሽ ገንዘብ ይገዛና ፍርድ ቤት ሄዶ ይካፈልልኝ ይላል። መሬቱ ለመከፋፈል አይመችም ከተባለ በሐራጅ ይሸጣል፤ እዚያው ተወልደው ያረጁት አዛውንት ይነቀላሉ። ለዘመናት ርስት አልባ ሆኖ የሌላውን መሬት ሲያርስ ለኖረ የቤተ እስራኤል አባት የዚህን ነገር ክብደት ማስረዳት አያስፈልግም። የጉላዎቹ ነገር የሚያንገበግበው መሬቱን ካገኙት በኋላ፣ በወረቀት ጉድለት ማጣታቸው ነው።

ግዛቲቱ በ2016 ሕጉን አሻሽላለች። አሁን መሬቱ ከመሸጡ በፊት በትክክለኛ ዋጋው ይገመታል፤ ሽያጭ የጠየቀውን ሰው ድርሻም ሌሎቹ ወራሾች ቀድመው የመግዛት መብት አላቸው። ቻርለስተን ውስጥ ከ2005 ጀምሮ ለወራሾች የሕግ እርዳታ የሚሰጥ ማዕከል አለ፤ ሽማግሌዎችን ኑዛዜ ማጻፍ ከሥራዎቹ አንዱ ነው። ሕጉ ጥሩ ነው፤ ቀደም ብሎ የሄደውን መሬት ግን አይመልስም።

የጉላ አባቶች ሙታናቸውን ብዙ ጊዜ ውኃ ዳር ይቀብሩ ነበር። ዛሬ ውኃ ዳር ከሁሉ ውድ የሆነው መሬት ስለሆነ አንዳንዱ መቃብር በአጥር ውስጥ፣ ከጎልፍ ሜዳ አጠገብ ቀርቷል። አያቱን ሊጎበኝ የመጣ ሰው በሩ ላይ ቆሞ፣ ለዘበኛው ለምን እንደመጣ ተናግሮ ነው የሚገባው።

ሣሩም እንዲሁ ሆኗል። የሚበቅለው ከባሕሩ ዳር ካለው የአሸዋ ጉብታ ጀርባ ነው፤ ያም ቦታ ታጥሯል። የ17 ቁጥር መንገድ ሴቶች ሣር ፍለጋ እስከ ጆርጂያና ፍሎሪዳ የሚነዱበት ጊዜ አለ። መኪናውን አቁሞ አንዷን ቅርጫት ያነሣ እንግዳ ዋጋውን ሲሰማ ብዙ ጊዜ ይደነግጣል፤ መልሶ ያስቀምጣታል፤ ሴትዮዋም ወደ ስፌቷ ትመለሳለች።