የዘፈን ፈቃድ በፊልም ንግድ ላይ የሚያስከትለው ኪሣራ

ከደባርቅ ገበያ አንድ ኩንታል ገብስ የገዛ ነጋዴ፣ ዋጋውን ከፍሎ ዕቃውን ከተረከበ በኋላ፣ በሊማሊሞ ቁልቁለት አውርዶ በአዲ አርቃይ ቢሸጠው፣ ወደ ዳባትና ወደ ጎንደር ቢወስደው፣ ወይም ለዘር ቢያስቀምጠው የቀድሞው ባለገብስ የሚጠይቀው ነገር የለም። ገንዘብ ተከፍሏል፤ ዕቃውም ተላልፏል። ዘፈን ግን እንደ ገብስ አይደለም። በፊልም ውስጥ የገባ ዘፈን ዋጋው የተከፈለበት ቢሆንም፣ ለስንት ዓመት፣ በየትኛው አገር፣ በምን ዓይነት መሣሪያ እንዲሰማ እንደ ተፈቀደ በውሉ ላይ በግልጽ ካልተጻፈ፣ ከጊዜ በኋላ ከፊልሙ ተቆርጦ እስከ መውጣት ይደርሳል። ይህን ጉዳይ የፊልምና የሙዚቃ ዕቃ የሚያስመጣም፣ ወደ ውጭ የሚልክም፣ በሱቁ የሚቸረችርም ነጋዴ ሊያውቀው ይገባል።

ለዚህ ነገር ዋና ምሳሌ የሚሆነው በአሜሪካ የተከታታይ ቀልድ ድራማ ንግድ ላይ የደረሰው ነው። «ደብልዩ ኬ አር ፒ ኢን ሲንሲናቲ» የተባለው ድራማ እ.ኤ.አ. ከ1978 እስከ 1982 ድረስ በቴሌቪዥን የታየ ሲሆን፣ ታሪኩ ገበያ ስለ ራቀው አንድ የሬዲዮ ጣቢያ ነው። ታሪኩ የሬዲዮ ጣቢያ በመሆኑ፣ በየትዕይንቱ የታወቁ ዘፋኞች ሸክላዎች ይሰሙ ነበር። አዘጋጆቹ ለዘፈኖቹ ፈቃድ ገዝተዋል፤ ነገር ግን የገዙት ፈቃድ በጊዜ የተወሰነና ለቴሌቪዥን ብቻ የሚያገለግል ነበር። በዚያን ጊዜ ሰው ተከታታይ ድራማን እንደ መጽሐፍ ገዝቶ በቤቱ ያኖራል ብሎ ያሰበ ነጋዴ ጥቂት ነበር።

የፈቃዱ ዘመን ሲያልፍና ድራማው እንደገና ለሽያጭ ሲቀርብ፣ የዘፈኖቹ ባለመብቶች አዲስ ዋጋ ጠየቁ። ዋጋው ከድራማው ገቢ ጋር አልመጣጠን ስላለ፣ ሻጮቹ የታወቁትን ዘፈኖች አውጥተው ስም በሌለው ሙዚቃ ተኩ። ተዋንያኑ በሚነጋገሩበት ጊዜ ዘፈኑ ከበስተኋላ ይሰማ ስለ ነበር፣ ዘፈኑን ብቻ ነጥሎ ማውጣት ባልተቻለበት ስፍራ ንግግሩ በሌላ ሰው ድምፅ እንደገና ተቀዳ፤ አንዳንዱም ትዕይንት ጨርሶ ተቆረጠ። እ.ኤ.አ. በ2007 የመጀመሪያው ዓመት ክፍል በዲቪዲ ሲወጣ፣ ድራማውን አስቀድሞ የሚያውቀው ገዢ የቀረበለት ዕቃ የጎደለ መሆኑን ወዲያው አወቀ፤ ቅሬታውንም አሰማ። አብዛኞቹን ዘፈኖች በፈቃድ መልሶ የያዘው ሙሉው ስብስብ በሌላ ኩባንያ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው።

ሌሎችም ድራማዎች ከዚህ ችግር አላመለጡም። እ.ኤ.አ. ከ1988 እስከ 1993 የታየው «ዘ ወንደር ይርስ» የተባለው ድራማ የዘመኑን ዘፈኖች በብዛት የያዘ በመሆኑ፣ ሙሉው ስብስብ በዲቪዲ ለመውጣት እስከ 2014 መቆየት ግድ ሆኖበታል። «ማሪድ ዊዝ ቺልድረን» የተባለውም የመክፈቻ ዜማው የፍራንክ ሲናትራ ዘፈን ነበር፤ ከሦስተኛው ዓመት ክፍል ጀምሮ በወጡት ዲቪዲዎች ግን ያ ዜማ በሌላ ሙዚቃ ተተክቷል። የኪሣራው መንገድ በሁሉም ዘንድ አንድ ነው። መጀመሪያ ርካሽና አጭር ፈቃድ ይገዛል፤ ቀጥሎ አዲስ መሣሪያ ይመጣል፤ በመጨረሻም ዕቃው ወይ ይዘገያል፣ ወይ ጎድሎ ይሸጣል። የጎደለ ዕቃ የገዛ ሰው ደግሞ አስቀድሞ የሚወቅሰው አዘጋጁን ሳይሆን፣ ዕቃውን በእጁ የሰጠውን ባለሱቅ ነው።

ይህ የሩቅ አገር ወሬ ነው፤ እኛን አይነካንም የሚል ሰው ቢኖር፣ የራሳችንን የሸክላ ንግድ ታሪክ ይመልከት። በንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ዘመን ሸክላ የማሳተምና የማስመጣት መብት ለሀገር ፍቅር ቲያትር ተሰጥቶ ነበር። አምሃ እሸቴ የተባለው ወጣት የሙዚቃ ሱቅ ባለቤት ግን እ.ኤ.አ. በ1969 ይህን ክልከላ ደፍሮ በራሱ ስም «አምሃ ሪከርድስ» የተባለ ድርጅት አቋቋመ። ሸክላዎቹን በውጭ አገር እያሳተመ ወደ አዲስ አበባ አስገባ። እስከ 1975 ድረስም ከመቶ በላይ ትንንሽ ሸክላዎችንና 12 ትልልቅ ሸክላዎችን አወጣ፤ ከዚያም በአብዮቱ ምክንያት አገሩን ለቅቆ ወደ አሜሪካ ሄደ። በአገሩ የቀረው ነጋዴና ሙዚቀኛም ከሸክላ ወደ ካሴት፣ ከካሴት ወደ ሲዲ፣ ከሲዲም ወደ ኢንተርኔት ተሸጋገረ።

በዚህ ሽግግር ውስጥ ያለው አደጋ ከአሜሪካው ድራማ ጋር አንድ ነው። «ለካሴት ሸጬልሃለሁ» የሚል ውል ስለ ሲዲ የሚናገረው የለም፤ ስለ ሲዲ የተጻፈውም ስለ ኢንተርኔት አይመልስም። ቃሉ በአፍ ብቻ የተሰጠ እንደ ሆነ ደግሞ፣ ገጣሚው ወይም ዜማ ደራሲው በሞተ ጊዜ ወራሾቹና አሳታሚው የሚከራከሩበት ማስረጃ እንኳ አይገኝም። አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወሳል» ያሉት ለእንዲህ ያለው ነገር የሚሠራ ነው።

ባለመብቱ የታወቀና ውሉ የተስተካከለ ሲሆን ግን፣ አሮጌ ዘፈን እንደ አዲስ ዕቃ ዋጋ ያወጣል። እ.ኤ.አ. በ1997 ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ «ኤትዮፒክስ» የተባለውን የሲዲ ተከታታይ በፓሪሱ ቡዳ ሙዚክ በኩል ማሳተም ሲጀምር፣ ከአምሃ እሸቴ ጋር ተዋውሎ የቀድሞዎቹን ሸክላዎች ለዓለም ገበያ አቀረበ። በ1998 የወጣው አራተኛው ክፍል የሙላቱ አስታጥቄን ሥራዎች የያዘ ነበር። አሜሪካዊው የፊልም አዘጋጅ ጂም ጃርሙሽም እ.ኤ.አ. በ2005 «ብሮክን ፍላወርስ» በተባለው ፊልሙ እነዚህን ከሠላሳ ዓመት በላይ የቆዩ የሙላቱ ሙዚቃዎች አሰማ። የኢትዮጵያ ዜማ በፊልም ተጭኖ ወደ ብዙ አገር ሲኒማ የገባው፣ ፈቃድ የሚጠየቅበት በር ስለ ነበረ ነው።

የአገራችን ሕግም በዚህ ነገር ዝም አላለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ድርሰትና ስለ ኪነ ጥበብ ባለቤትነት ደንግጎ ነበር። ከዚያም የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ወጣ፤ ይህም በአዋጅ ቁጥር 872/2007 ተሻሽሏል። በአዋጁ መሠረት የደራሲው የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል፤ የድምፅ ቅጂ አሳታሚው መብትም 50 ዓመት ይቆያል። እዚህ ላይ ብዙ ነጋዴ የሚሳሳትበት ነገር አለ። በአንድ ሸክላ ላይ ያለው መብት አንድ አይደለም። የግጥሙና የዜማው መብት የደራሲዎቹ ነው፤ የተቀዳው ድምፅ መብት የአሳታሚው ነው፤ ዘፋኙና ተጫዋቹም የየራሳቸው መብት አላቸው። ስለዚህ የቅጂው ዘመን ቢያልፍ እንኳ የዜማው ደራሲ መብት ገና በሕይወት ሊኖር ይችላል። ከዘፋኙ ብቻ «እሺ» የሚል ቃል አግኝቶ ዘፈኑን በፊልም ማስገባት፣ የአንዱን ወንድም ድርሻ ገዝቶ በሁሉም ወንድሞች ርስት ላይ ቤት እንደ መሥራት ነው።

ነገሩን ወደ ሰሜን ተራሮች ግርጌ እናምጣው። ደባርቅ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ መግቢያ ናት። በዚያ ያለ አንድ የሆቴል ባለቤት የጭላዳንና የገደሉን ውበት የሚያሳይ አጭር ፊልም አሠርቶ፣ የታወቀ ዘፈን ከበስተኋላው አስገባ እንበል። ፊልሙ በዩቲዩብ ሲወጣ፣ የድርጅቱ መሣሪያ ዘፈኑን ከተመዘገቡት ጋር አመሳስሎ ያውቀዋል። ከዚያ በኋላ ባለመብቱ እንደ ወደደ ድምፁ ይጠፋል፣ ወይም ፊልሙ ይታገዳል፣ ወይም ከማስታወቂያ የሚገኘው ገቢ ለባለመብቱ ይሆናል። ሆቴሉ ለፊልም ሠሪው የከፈለው ገንዘብ ግን አይመለስለትም። ያው ሰው የአዲ አርቃይን አንድ ማሲንቆ መቺ ጠርቶ፣ በተገቢ ዋጋና በተጻፈ ውል አዲስ ዜማ አስቀድቶ ቢሆን ኖሮ፣ ፊልሙም ያለ ሥጋት ይታይ ነበር፤ ባለሙያውም ይጠቀም ነበር።

ስለዚህ ዘፈን ያለበትን ፊልም የሚያሠራም ሆነ የሚገዛ ነጋዴ፣ ፊርማውን ከማኖሩ በፊት ጥቂት ነገሮችን ቢመረምር ይበጃል። ፈቃዱ ከግጥም ደራሲው፣ ከዜማ ደራሲው፣ ከዘፋኙና ከአሳታሚው ሁሉ መገኘቱን ይጠይቅ። ፈቃዱ ለስንት ዓመት እንደ ሆነና ለየትኞቹ አገሮች እንደሚያገለግል ይጻፍ፤ በአሜሪካና በአውሮፓ ላሉ ኢትዮጵያውያን የሚልክ ከሆነ እነዚያ አገሮች በስም ይጠቀሱ። ለቴሌቪዥን፣ ለዲስክና ለኢንተርኔት ብቻ ሳይወሰን ወደፊት ለሚመጣ መሣሪያም የሚሠራ መሆኑ ይገለጽ። ለዚህ የሚጨመረው ዋጋ በመጀመሪያ ቢከብድም፣ ዘፈኑ በሕዝብ ዘንድ ከተወደደ በኋላ ከሚጠየቀው ዋጋ ጋር ሲተያይ ቀላል ነው።

ባለሱቅም የራሱ ድርሻ አለው። ከውጭ የመጣ ዲቪዲ ዘፈኑ የተለወጠበት መሆኑን ካወቀ ለደንበኛው አስቀድሞ ይንገረው፤ እውነት ተነግሮት የገዛ ደንበኛ ተመልሶ አይከራከርምና። ያለ ፈቃድ ዘፈንና ፊልም በሚሞሪ ካርድ እየገለበጠ የሚሸጥ ደግሞ፣ አዋጁ ከካሣ በተጨማሪ የእሥራት ቅጣትም የደነገገ መሆኑን ይወቅ።

አሜሪካውያኑ ድራማ ሠሪዎች ገንዘብ አላጡም፤ የሕግ አዋቂም አላነሳቸውም። ያጡት ከዛሬው ገበያ አሻግሮ የነገውን የሚያይ አንድ መስመር ጽሑፍ ነው። ያ መስመር ባለመጻፉ ሠርተው የጨረሱትን ዕቃ በገዛ እጃቸው ቆራርጠው ለመሸጥ ተገደዱ። የኢትዮጵያ የፊልምና የሙዚቃ ነጋዴ ይህን ትምህርት ያለ ኪሣራ ሊማረው ይችላል፤ የሚጠይቀውም ወረቀት፣ ቀለምና ከመፈረም በፊት ጥቂት መታገሥ ነው።